ከአጃን ጋር ፊደል የቆጠርኩበት ቤት

ሰሞኑን በምሠራበት የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ አንድ አዛውንት የላኦስ ሰው ተራቸውን ሲጠብቁ ከሹራባቸው ኪስ ጣት የምታህል ጠርሙስ አወጡና በውስጧ ያለውን አረንጓዴ ዘይት በሁለቱም ጆሮ ግንዶቻቸው ላይ ቀባ ቀባ አደረጉ። ካፉርና ናና የተቀላቀለበት፣ አፍንጫ ዘልቆ ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ ነው። ጓንቴን ግማሹን አጥልቄ ግማሹን ሳላጠልቅ ቆሜ ቀረሁ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ «ሰናይት፣ ምነው፣ ደህና ነሽ?» ስትለኝ ደህና ነኝ አልኳት፤ እውነቱ ግን ለዚያች አፍታ ዕድሜዬ ዘጠኝ ዓመት ሆኖ፣ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ፣ የማላውቀው ቤት ምንጣፍ ላይ ቆሜ፣ ልስገድ አልስገድ፣ ልቀመጥ አልቀመጥ ግራ ገብቶኝ ነበር።

ያን ጊዜ፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ እኔና እናቴ አሜሪካ፣ ክላርክስተን በምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ከባቡር ሐዲዱ ባሻገር ባለ አንድ አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። አባቴን ሱዳን፣ ገዳሪፍ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ወባ ወስዶት፣ እዚያው ቀብረነው ነው የመጣነው። አፓርትመንቶቹ በጥድ የተከበቡ ስለነበሩ በጸደይ ወራት ቢጫ ብናኝ ከላይ እየዘነበ መኪናውን፣ ደረጃውን፣ የመስኮቱን ደፍ ሁሉ እርድ የተነሰነሰበት ያስመስለው ነበር፤ እናቴም መጀመሪያ ስታየው ከጎረቤት አንዱ እርድ የሚፈጭ መስሏት ማን እንደሆነ ልትጠይቅ ወጥታ ነበር። እናቴ ጥሩነሽ መሀል ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች። ሺፍቷ አልቆ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ቤት የምትደርሰው እኔ ከትምህርት ቤት ከገባሁ ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው። እኔም አንገቴ ላይ ባንጠለጠለችልኝ ቁልፍ ከፍቼ እገባና ከውስጥ ቆልፌ፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ የሚስቁት ሰዎች ለምን እንደሚስቁ ሳይገባኝ እያየሁ እጠብቃታለሁ። ትምህርት ቤት ያለውም ሕይወት ከዚህ ብዙ የተለየ አልነበረም። መምህርቷ «ሴኔት» ብላ ስትጠራኝ ሌላ ልጅ የተጠራች መስሎኝ ዞር ብዬ እፈልጋለሁ፤ ክፍሉ ይስቃል፤ እኔም ሌላው ሲስቅ አብሬ እስቃለሁ።

ከኛ በታች ምድር ቤቱ ላይ የሚኖሩት እትዬ ሙሉ ነበሩ። አዲስ አበባ በአንድ የውጭ ድርጅት ለብዙ ዓመት ጸሐፊ ስለነበሩ እንግሊዝኛቸው ከግቢው ሐበሻ ሁሉ ይበልጥ ነበር። እናቴን ሥራ ያስገቧት፣ እኔን ትምህርት ቤት ያስመዘገቡኝ፣ አውቶቡሱ የት እንደሚቆም ያሳዩን እሳቸው ናቸው። ትልልቅ ቁልፍ ያለው ካፖርት ይለብሳሉ፤ ሲናገሩ ቀስ ብለው፣ ቃሉን ሁሉ እስከ ጫፉ ጨርሰው ነው። እናቴ ታከብራቸዋለች፤ ትፈራቸዋለችም። እኔ እፈራቸዋለሁ ብቻ።

ስለዚያ ቤት መጀመሪያ የሰማነው ግን ከእትዬ ሙሉ አልነበረም። ሆቴሉ ውስጥ ከእናቴ ጋር የምትሠራ አንዲት የላኦስ ሴት ነበረች፤ ልጇ ቡንሚ የኔ እኩያ ናት። ሁለቱ ሴቶች አንድም የጋራ ቋንቋ ሳይኖራቸው አንሶላ በግራና በቀኝ ይዘው እያጠፉ ቀኑን ሙሉ ያወሩ ነበር። እንዲህ ካለው ወሬ በአንዱ የቡንሚ እናት ለእናቴ ነገረቻት፦ ትምህርት ቤት አለ፤ ከመደበኛው ትምህርት በኋላ ልጆችን በቫን ሰብስቦ ይወስዳል፤ ነጻ ነው፤ ቤቱ የመነኮሳት ነው። መነኩሴ የሚለውን ያስረዳቻት ጭንቅላቷን በመዳፏ እንደመላጨት አድርጋ፣ ቀጥላ ሁለት እጆቿን ደረቷ ላይ ገጥማ፣ ቀጥላ ሆዷን እየነካች «ኖ፣ ኖ» በማለት ነበር። ራሱን የተላጨ፣ የሚጸልይ፣ የሚጾም። እናቴ ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም። ማታ ስትመጣ ፊቷ በርቶ «እግዚአብሔር ገዳም አመጣልን» አለችኝ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እኔንም ነጭ ልብስ አልብሳ ሄድን። ቤቱ ከአንድ ነዳጅ ማደያ ጀርባ ያለ፣ ተራ የቀይ ሸክላ ቤት ነው። አጥሩን የሐረግ ጫካ ውጦታል፤ መኪና ማቆሚያው ጣሪያ ሥር ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮችና ጥቁር ሰሌዳ ተደርድረዋል። በር ላይ አንድ ብርቱካንማ ጨርቅ ያጣፉ፣ ቀጭን፣ በዕድሜ የገፉ ሰውዬ ያንን ቢጫ ብናኝ በእርጋታ ይጠርጋሉ፤ ጠርገው ሳይጨርሱ ከጥዱ ሌላ ይዘንባል፤ እሳቸው ግን ምንም እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ጀምረው ይጠርጋሉ። ቅድም ያልኩት የካፉር ሽታ መጀመሪያ የሸተተኝ ከሳቸው ነው። እናቴ መስቀል ልትሳለም ጎንበስ አለች። ሰውዬው ግን መስቀል አልነበራቸውም። ደንገጥ ብለው ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉና፣ እጆቻቸውን ገጥመው ፈገግ አሉ።

በሩ ላይ ጫማ ተደርድሯል። እናቴ ይህን ስታይ ልቧ መለስ አለና ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ እኔም ተከተልኳት። ሳሎኑ ባዶ ነበር፤ ምንጣፍ ብቻ። ፊት ለፊት ግን ሻማና አበባ ተከቦ፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ የተቀመጠ ወርቃማ ምስል አለ። እጄን የያዘው የእናቴ እጅ ጠበቅ ሲል ተሰማኝ። ወጥተን የምንሄድ መስሎኝ ነበር። ከውጭ ልጆች በአንድ ድምፅ እንግሊዝኛ ሲያነቡ ይሰማል። እናቴ ወደነሱ ድምፅ ጆሮዋን ሰጥታ ቆየችና ጎንበስ ብላ በጆሮዬ እንዲህ አለችኝ፦

«ለሱ እንዳትሰግጂ። ግን ጀርባሽንም እንዳትሰጪው፤ የሰው ቤት ነው።»

በዚህ ትእዛዝ ምክንያት እዚያ ቤት ውስጥ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ ሳሎኑን የማቋርጠው በጎኔ፣ እንደ ሸርጣን ነበር። የላኦስና የካምቦዲያ ልጆች ይህ የኢትዮጵያውያን የአክብሮት ሥርዓት መሰላቸው። አንዳንዶቹ ለኔ ሲሉ በጎናቸው መሄድ ጀመሩ።

ሰውዬውን ሁሉም «አጃን» ይሏቸው ነበር፤ በቋንቋቸው መምህር ማለት ነው። እትዬ ሙሉ በኋላ ነገሩን ሲሰሙ ስማቸውን ሆን ብለው «አጃ» አደረጉት። የሚያስተምሩን ግን አጃን አልነበሩም። ሚስ ዶሪስ የሚባሉ፣ ከመምህርነት ጡረታ የወጡ፣ ረጅም ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ። ባለቤታቸው ሲሞቱባቸው ቤታቸው ውስጥ ዝምታው አላስቀምጥ ቢላቸው፣ ዝምታን ሊማሩ እዚያ ቤት መጥተው በዚያው ቀሩ። እሑድ ጠዋት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያናቸው ይዘምራሉ፤ ከሰዓት በኋላ ከሌሎች አሜሪካውያን ጋር እዚያ ምንጣፍ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ። በሳምንቱ ቀናት ደግሞ እኛን ያስተምራሉ።

ንባብ ሁለት ሁለት እየሆንን ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ጓደኛውን ሲይዝ እኔ ብቻዬን ቀረሁ፤ ያኔ አጃን መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው መጡና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እሳቸውም ለካ ተማሪ ናቸው። መጽሐፉን በመካከላችን ዘረጋነው። ድመት ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች የሚል ነበር፤ አጃን በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ፣ እኔ እደግማለሁ፤ ከዚያ እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ይደግማሉ። ማናችን ትክክል እንደሆንን የምናውቅበት መንገድ አልነበረንም። እሳቸው «ር»ን «ል» ይሏታል፤ እኔም መነኩሴ አይሳሳትም ብዬ «ል» አልኩ። አንድ ወር ያህል «ራይስ» ማለት ሲገባኝ «ላይስ»፣ ሩዝን ቅማል እያልኩ ስጠራ የሰማች የትምህርት ቤቴ መምህርት ነርሷ ዘንድ ልካ ፀጉሬን አስፈተሸችኝ።

ከትምህርት በፊት ሁላችንም ሳሎን ገብተን ዝም ብለን መቀመጥ ነበረብን። ዓይን ተጨፍኖ፣ ትንፋሽን መከታተል። ይህ ኃጢአት ይሁን አይሁን አላወቅሁም፤ ለእናቴ ልንገራት አልንገራትም አላወቅሁም። እንዲያው ለጥንቃቄ በልቤ አባታችን ሆይን እላለሁ፤ እኩሌታው ላይ ስደርስ ባቡሩ ይመጣል። ክላርክስተንን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፈው የዕቃ ባቡር ነው፤ ሲያልፍ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፣ ሻማው ይወዛወዛል፣ ምስሉም ራሱን የሚነቀንቅ ይመስላል። ባቡሩ ካለፈ በኋላ የት እንደደረስኩ ይጠፋኝና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። አጃን ግን ባቡሩም ሲመጣ፣ ባቡሩም ሲሄድ አንድ ናቸው።

አንድ ቀን ከንባብ በኋላ ድፍረት አግኝቼ ወደ ሳሎኑ እየጠቆምኩ «እሱ እግዚአብሔር ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አይደለም፤ መምህር» አሉኝ።

«የት ነው ያለው?»

«ሞተ። ድሮ።»

«ታዲያ ወደ ማን ነው የምትጸልዩት?»

አሰቡ። እንግሊዝኛቸው ከኔ ጋር እኩል ስለነበረ የሚመርጡት ብዙ ቃል አልነበራቸውም። «ጸሎት የለም» አሉ በመጨረሻ፤ «መቀመጥ ብቻ።» ማታ ይህን ሁሉ ለእናቴ ነገርኳት። የሽንኩርቱን መክተፊያ አስቀመጠች። «እንግዲህ ለሞተ መምህር ሻማ ማብራት ምን ኃጢአት አለው?» አለች። ጥቂት ከተፈችና ደግሞ «እንጃ፤ ሊኖረውም ይችላል» አለች።

ይሁን እንጂ እኔ አነበብኩ። በገና አካባቢ ከአጃን ቀደምኩ፤ በፋሲካ ጊዜ የማስተምራቸው እኔ ሆንኩ። እናቴም በማይገባት ነገር ውለታ የገባች ያህል ሆነባት። ትምህርቱ በነጻ ስለሆነ ዝም ብላ መቀመጥ አልሆነላትም፤ ቅዳሜ ዕረፍቷ ስለሆነ ጠዋት እየሄደች ወጥ ቤታቸውን ትፈትጋለች፣ ትልልቅ የሩዝ ድስቶቻቸውን ታጥባለች፣ ለመነኮሳቱም ምሳ ሠርታ ትወስዳለች። ከቀትር በኋላ እህል እንደማይቀምሱ ስታውቅ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። መነኮሳቱ የቡንሚ እናት ያመጣችውን ዶሮ በዓቢይ ጾም ቁጭ ብለው ሲበሉ ያየች ቀን ግን ድስቱ ከእጇ ሊወድቅ ነበር። ምስር ወጧን ይዛ ቀርባ ስትሰጥም አጃን ከሴት እጅ በቀጥታ መቀበል ስለማይችሉ ፊታቸው አንድ ጨርቅ ዘርግተው በዚያ ላይ አስቀምጪ አሏት። እናቴ መጀመሪያ ተጠየፉኝ ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ቆም አለችና «የኛም ባሕታውያን እንዲህ ናቸው እኮ» አለች፤ ትንሽ ሄደን ደግሞ «ግን ዶሮ!» አለች።

ቀስ በቀስ፣ ድስቱ ታጥቦ ሲያልቅ፣ እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ሳሎኑ የኋላ ግድግዳ ሥር መቀመጥ ጀመረች። እኔ በአንድ ዓይኔ አያታለሁ። ከፊቷ ላይ ከገዳሪፍ ጀምሮ የማውቀው ነገር ሁሉ ወርዶ ሌላ ሴት ትሆናለች፤ ወጣት፣ ትንሽ ያኮረፈች የምትመስል። ይህ ያስፈራኝ ነበር። አንድ ቀን ምን እያሰበች እንደሆነ ብጠይቃት «ምንም» አለችኝ። ትጸልይ እንደሆነ ጠየቅኋት። «ጸሎቴን ጠዋት ጨርሻለሁ።» ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ ስላት «እግሬን እያሳረፍኩ ነው፤ ዝም በይ» ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚህ የበለጠ መልስ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

እትዬ ሙሉ የደረሱበት ቫኑ እኔን ሲያወርደኝ አይተው ነው። ያን ዕለት ማታ ቤታችን መጥተው፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው እናቴን አነጋገሯት። «ጥሩነሽ፣ ሱዳን በረሃ ላይ ያልካድሽውን እዚህ ለእንግሊዝኛ ብለሽ ትክጂው?» አሏት። እናቴ አልካድኩም አለች። እሳቸው ልጅሽ ጣዖት ፊት ትቀመጣለች አሉ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትቀመጠው፣ አታየውም አለች። ይህን ያለችው ከልቧ ነበር፤ እትዬ ሙሉ ግን የተሳለቀችባቸው መሰላቸውና ተነሥተው ሄዱ።

በዚያ ወር የማርያም ማኅበር ተራው የኛ ነበር። ከተማው ውስጥ ያን ጊዜ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን አልነበረንም፤ ከፈረንጆች በተለመነ አዳራሽ ነበር የምንጸልየው፤ ስለዚህ የሴቶቹ ማኅበር ለእናቴ ከቤተ ዘመድ በላይ ነበር። ዳቦውን ከሆቴል በተሰጣት ሰፊ መጥበሻ ጋገረችው፤ ጥቁር አዝሙዱ ቤቱን አወደው። ጠዋት ወንበር ከጎረቤት ለምነን ደረደርን። ጠላው ተቀድቶ ተቀመጠ። እናቴ የምታምርበትን ቀሚስ ለብሳ በሩን ገርበብ አደረገች፣ ሰው ሲመጣ እንዳያንኳኳ ብላ። እኔ መስኮት ላይ ቆሜ የሚመጣውን እነግራታለሁ። ማንም አልመጣም። ከታች የእትዬ ሙሉ በር ሲከፈትና ሲዘጋ እንሰማለን፤ የሴቶች ድምፅም እንሰማለን፤ ደረጃውን የወጣ ግን አልነበረም።

እናቴ አላለቀሰችም። ረፋዱ ላይ ተነሣች፤ ዳቦውን በነጭ ጨርቅ ጠቀለለችው፤ ለቡንሚ እናት ስልክ ደውላ በዚያ በሚያውቁት ቋንቋቸው «ካር፣ ካር» አለቻት። ገዳሙ ስንደርስ ቀትር ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ዳቦውን ጨርቁ ላይ ከማኖሯ በፊት «በስመ አብ» ብላ ሦስት ጊዜ አማተበችበት። አጃንና ሌሎቹ መነኮሳት እጃቸውን ገጥመው በራሳቸው ቋንቋ ዜማ አሰሙ። ከዚያ ተቆረሰ፤ ልጆቹ በሉ፤ ሚስ ዶሪስ ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። እኔ ግን ቁራሼን ይዤ ቆምኩ። የማርያም ዳቦ ነው፤ እናቴ አማትባበታለች፤ እነሱ ደግሞ የሆነ ነገር ዘምረውበታል። የማን በረከት ነው ያለበት? ሁለቱም ካለበት ይጣላሉ ወይስ ይስማማሉ? እናቴን ቀና ብዬ ባያት እሷም ቁራሿን ይዛ ቆማለች። ተያየን። ከዚያ እሷ ጎረሰች፣ እኔም ጎረስኩ።

የትምህርት ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መጥፎ ወሬ መጣ። ከገዳሙ ጎረቤቶች አንዳንዶቹ መኪና ሣራቸው ላይ ፓርክ ይደረጋል፣ ልጅ ይበዛል፣ ይህ የመኖሪያ ሰፈር ነው ብለው ከሰሱ። ትምህርት ቤቱ ይዘጋ ወይስ ይቀጥል የሚለውን የሚወስን ስብሰባ በከተማው አዳራሽ ተጠራ። ሚስ ዶሪስ ወላጆች መጥተው እንዲናገሩ ለመኑ። የላኦሶቹ አስተርጓሚ ነበራቸው። እናቴ እናገራለሁ አለች፤ ግን በምን ቋንቋ? እኔ ላስተርጉም ብል ሚስ ዶሪስ ልጅ አይፈቀድም አሉኝ።

እናቴ ከዚያች የማኅበር ቀን ወዲህ የእትዬ ሙሉን በር ረግጣ አታውቅም ነበር። ያን ቀን እጄን ይዛ ወረደችና አንኳኳች። እትዬ ሙሉ ከፍተው፣ ግቡ ሳይሉ፣ ቆመው ሰሟት።

«እኔ ለጣዖት አልመሰክርም» አሉ።

«እርስዎ አይመስክሩ» አለች እናቴ። «መስካሪዋ እኔ ነኝ። እርስዎ ቃሌን ብቻ ያድርሱልኝ።»

እትዬ ሙሉ እኔን አዩኝ፤ እሷን አዩ፤ በሩን ሊዘጉት ነው ብዬ ነበር። «ስብሰባው መቼ ነው?» አሉ።

አዳራሹ ነጭ መብራት የበዛበት፣ ብርድ የሚለቅ ማሽን የሚጮህበት ክፍል ነበር። አጃን ከፊት ተቀምጠዋል፤ ብርቱካንማ ልብሳቸው በዚያ ሁሉ ግራጫ ሱፍ መካከል እሳት ይመስላል። የከሰሱት ሰዎች ተናገሩ፤ ክፉዎች አልነበሩም፤ አንዷ ሴትዮ እንዲያውም ይቅርታ እየጠየቀች ነበር የተናገረችው። ከዚያ የእናቴ ስም ተጠራ። ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። እትዬ ሙሉ በዚያ ካፖርታቸው ከጎኗ ቆሙ፤ በመካከላቸው ሌላ ሰው የሚያስገባ ክፍተት ነበር። እናቴ አንገቷን ደፍታ በዝግታ ተናገረች። «ልጄ ማንበብ የተማረችው እዚያ ነው» ብላ ጀመረች። ቀጥላም ጥቂት ጨመረች። አጭር ነበር፤ ሁለት ትንፋሽ አይሞላም።

እትዬ ሙሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በዚያ ቃሉን ሁሉ እስከ ጫፉ በሚጨርስ እንግሊዝኛቸው ጀመሩ፤ እኔም፣ በዚያው በሚከሰሰው ቤት የተማርኩት እንግሊዝኛ ጆሮዬን ከፍቶልኝ፣ እያንዳንዱን ቃል ሰማሁ።

«ይህች ሴት እንዲህ ትላለች» አሉ። «እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ የነዚህን ሰዎች እምነት አላውቀውም፤ ልቀበለውም አልችልም። ባሌን በሰው አገር ቀብሬ፣ ልጄን በእጄ ይዤ እዚህ መጣሁ። ልጄ ብቻዋን በር ቆልፋ ስትቀመጥ እነዚህ ሰዎች ወስደው አስተማሯት፤ ሃይማኖትሽን ለውጪ አላሏትም። የገዛ ወገኖቼ ቤቴን ሳይረግጡ በቀሩ ቀን፣ ደረጃው ሥር ሆነው ድምፃቸውን እያሰሙኝ ሳይወጡ በቀሩ ቀን፣ እነዚህ ሰዎች ዳቦዬን ቆርሰው በሉ። ያ ሽማግሌ ቅዱስ ሰው ነው። ቅዱስ ሰው የተቀመጠበትን ቤት የሚዘጋ ሰው እንዴት እንቅልፍ እንደሚወስደው አላውቅም።»

እናቴ የራሷ ቃል እየተነገረ መስሏት በየዐረፍተ ነገሩ ራሷን ትነቀንቅ ነበር። እኔ አንዴ እሷን፣ አንዴ እትዬ ሙሉን አያለሁ። እናቴ ስለ ማኅበሩ ቀን አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ስለ ቅዱስ ሰውም አላለችም። ታዲያ ይህ የማን ቃል ነው? እትዬ ሙሉ ራሳቸው አልነበሩም እንዴ ጣዖት ያሉት? የእትዬ ሙሉ አገጭ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ዓይናቸው ግን ደረቅ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ እናቴ በጨዋ ደንብ «ትንሽ ረዘም አላለም እትዬ?» አለቻቸው።

«እንግሊዝኛ ረጅም ቋንቋ ነው» አሉ እትዬ ሙሉ መስኮቱን እያዩ።

ስብሰባው የወሰነው እንዲህም እንዲያም ያልሆነ ነገር ነበር፤ የትምህርት ዓመቱ እስኪያልቅ ይቀጥል፣ ከዚያ ሌላ ቦታ ይፈለግ። እሑድ አሜሪካውያኑ ጭምር መዋጮ አሰባሰቡ፤ ገዳሙም ስቶን ማውንቴን ከምትባለው ከተማ ባሻገር፣ አውቶቡስ የማይደርስበት ገጠር ውስጥ መሬት አግኝቶ ሄደ። በመጨረሻው ቀን እኔና አጃን ወፍራም መጽሐፍ ይዘን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። እኔ አነበብኩ፤ እሳቸው ያዳምጣሉ። ስጨርስ «አሁን አንቺ አጃን» አሉኝ። ከዚያ መጥረጊያቸውን አነሡ። ልጅ ነኝና ሰው እንዲህ ባለ ቀላል ነገር ተለያይቶ ዳግም እንደማይገናኝ አላወቅሁም፤ ሮጬ ቫኑ ውስጥ ገባሁ።

እትዬ ሙሉ ከዚያ በኋላ ይለወጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተለወጡም። እሑድ አዳራሹ ውስጥ ከእናቴ ራቅ ብለው መቀመጣቸውን ቀጠሉ፤ ስለ ገዳሙ ሲነሣም «ያ የጣዖት ቤት» ከማለት አልተመለሱም። የማኅበሩ ተራ እንደገና ለኛ ሲደርስ ግን ከሁሉ ቀድመው ደረጃውን የወጡት እሳቸው ነበሩ፤ ሌሎቹም ተከትለው መጡ። ዳቦው ጨው አንሶታል አሉ። እናቴ ሳቀች። ስለ ቀረው ነገር ማንም አላነሣም፤ እኔም በሁለት ትልልቅ ሴቶች መካከል ያለውን ያን የማልረዳውን ነገር እንደ ልጅ ትቼው ወደ ጨዋታዬ ሄድኩ።

እናቴ ካረፈች ጥቂት ዓመታት ሆኗታል። ስለዚያ ቀን የምትናገረው ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ እትዬ ሙሉ ቃሏን እንዴት አሳምረው እንዳደረሱላት። እውነቱን ነግሬያት አላውቅም፤ የትኛው እውነት እንደሆነም እርግጠኛ አልነበርኩም። ያን የክላርክስተን ቤት አፍርሰው መኪና ማጠቢያ ሠርተውበታል። ሚስ ዶሪስ ሞተዋል። አጃንም አገራቸው ተመልሰው አረፉ ብላ ቡንሚ ነግራኛለች።

እትዬ ሙሉ ግን አሉ። ስቶን ማውንቴን ልጃቸው ቤት ነው የሚኖሩት፤ ዘጠናን ያለፉ ይመስለኛል፤ ካፖርቱ ትከሻቸው ላይ ሰፍቷል። ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ፣ ጎናቸው ተቀምጬ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ያልጠየቅሁትን ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ ያን ቀን ከተማው አዳራሽ ውስጥ እማዬ ያላለችውን ለምን ጨመሩ?»

ግራ የተጋባ ፊት አሳዩኝ። «ምን ጨመርኩ?»

«ማኅበሩን። ደረጃውን። ቅዱስ ሰው ያሉትን።»

«አንቺ ሕፃን ነበርሽ» አሉ፤ እጄን ያዙኝ፤ እጃቸው ወረቀት ይመስላል። «እኔ አንድም ቃል ከራሴ አልጨመርኩም። እናትሽ ናት ያለችው። አጠገቧ ቆሜ ሰማኋት እኮ፤ እያንዳንዱ ቃል እዚህ ጋ ገባ» ብለው ደረታቸውን ነኩ። ይዋሹ እንደሆነ ዓይናቸውን መረመርኩ። አይዋሹም ነበር።

እየነዳሁ ስመለስ እናቴ ያን ቀን ያለችውን ቃል በቃል ላስታውስ ሞከርኩ። ከእትዬ ሙሉ በቀር አዳራሹ ውስጥ ሁለቱንም ቋንቋ የሰማሁ እኔ ብቻ ነበርኩና ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይመጣልኛል፤ ልጄ ማንበብ የተማረችው እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ድምፅዋ ይሰማኛል፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፤ የምሰማው ቃል ግን የእትዬ ሙሉ እንግሊዝኛ ነው። እናቴ በአማርኛ ያለችው ጠፍቷል። ምናልባትም እትዬ ሙሉ እንዳሉት ነው ያለችው፤ እኔ ነኝ ያልሰማኋት።